ከተማ ከግዛቷ ምን ትጠይቃለች? የአሌክሳንድሪያ ከተማ ለቨርጂኒያ ጠቅላላ ጉባኤ የምታደርገው ዝግጅት

በፋኩልቲው ለሕዝብ ክፍት የንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



 ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ ሲሰሙት ደረቅ ነው። አንዲት ከተማ በየዓመቱ፣ ከበላይዋ ለሚገኘው የግዛት ሕግ አውጪ የምታቀርባቸውን ጥያቄዎች መርጣ በቅደም ተከተል የምታሰናዳበትን ሥራ ነው የምገልጸው። ከዚህ ሥራ የሚወጣው ሰነድ ጋዜጠኞች እምብዛም አይጽፉበትም፤ አብዛኛው ነዋሪም መኖሩን አያውቅም። ሆኖም አንዲትን ከተማ በሚገባ ማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ ከበጀቷ ቀጥሎ ሊያነብበው የሚገባው ሰነድ ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። በጀቷ በሥልጣኗ ሥር ያለውን ይዘረዝራል፤ ይህ ሰነድ ደግሞ እየፈለገችው ከሥልጣኗ ውጭ የሆነባትን ይዘረዝራል።

ምሳሌ አድርጌ የመረጥኋት ከተማ በሰሜን ቨርጂኒያ፣ ከፖቶማክ ወንዝ ዳር የምትገኘው አሌክሳንድሪያ ናት። ምርጫዬ ሁለት ምክንያቶች አሉት። አንደኛው፣ ቨርጂኒያ ከተሞቿን እጅግ አጥብቀው ከሚይዙት የአሜሪካ ግዛቶች አንዷ በመሆኗ ነገሩ በእርሷ ዘንድ ጎልቶ ይታያል። ሁለተኛው፣ በዚያ አካባቢ ብዙ ወገኖቻችን ይኖራሉ፤ የከተማዋ አስተዳደርም አንዳንድ ማስታወቂያዎቹን በአማርኛ ጭምር እስከማውጣት ደርሷል። እኔም በዚያው አካባቢ ለዓመታት ኖሬአለሁ፤ ከዚያ ቆይታዬ ያገኘሁትን አንድ ትምህርት ወደ ንግግሬ መጨረሻ እነግራችኋለሁ። በንግግሬ ውስጥ የምጠራቸው ዓመታት፣ የአገራችን ብዬ ካልለየሁ በስተቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሠረቱ እንነሣ። የአሜሪካ ፌዴራል ሕገ መንግሥት ስለ ከተሞች አንዳች የሚናገረው ነገር የለም። የአካባቢ አስተዳደር ጉዳይ ለግዛቶቹ የተተወ ነው። ታዲያ አንድ ከተማ በግዛቱ ሕግ ፊት ምን ያህል ሥልጣን አለው? ለዚህ ጥያቄ በ1868 የአዮዋ ግዛት ዳኛ የነበሩት ጆን ዲሎን የሰጡት መልስ ዛሬም «የዲሎን ደንብ» እየተባለ ይጠራል። በደንቡ መሠረት ከተማ ያለው ሥልጣን ሦስት ዓይነት ብቻ ነው፦ ሕግ አውጪው በግልጽ የሰጠው፣ ከተሰጠው ሥልጣን በውስጠ ታዋቂ የሚመነጭ፣ እንዲሁም ከተማው ለተቋቋመበት ዓላማ የግድ አስፈላጊ የሆነ። ጥርጣሬ በተነሣ ጊዜ ፍርዱ በከተማው ላይ ይሆናል። የቨርጂኒያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ይህን ደንብ በ1896 ተቀብሎ እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

በ1749 የተቆረቆረችው አሌክሳንድሪያ በ2020 ቆጠራ 159,467 ነዋሪዎች ነበሯት። በቨርጂኒያ ካሉት 38 ነጻ ከተሞች አንዷ ናት፤ በማንኛውም ካውንቲ ሥር አትተዳደርም። ከንቲባና ስድስት አባላት ያሉት የከተማ ምክር ቤት አላት። ነገር ግን ይህ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት አዲስ ዓይነት ግብር ለመጣል ቢያስብ፣ ወይም ቻርተሩን አንድ አንቀጽ ለማሻሻል ቢፈልግ፣ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ ሪችመንድ ላይ ጠቅላላ ጉባኤውን ማስፈቀድ አለበት። ጉባኤው 100 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 40 አባላት ያሉት ሴኔት አለው። ከእነዚህ 140 ሰዎች መካከል የአሌክሳንድሪያን ሕዝብ የሚወክሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት የትምባሆ እርሻ፣ የከሰል ማዕድን፣ የባሕር ወደብ ያለባቸውን አካባቢዎች ወክለው የተቀመጡ ናቸው። ስለ አሌክሳንድሪያ ጎዳናዎች የሚወስኑት ግን እነርሱም ጭምር ናቸው።

አሁን ወደ ጊዜ ሰሌዳው ልለፍ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ እዚህ ላይ ነውና። ጠቅላላ ጉባኤው የሚከፈተው በጃንዋሪ ወር ሁለተኛው ረቡዕ ነው። በሙሉ ቁጥር በሚጠሩት ዓመታት 60 ቀን ይቀመጣል፤ በጎደሎዎቹ ዓመታት ሕገ መንግሥቱ የወሰነው 30 ቀን ነው፤ በልማድ ግን ወደ 45 ቀን ገደማ ይራዘማል። በእኩሌታው ላይ የመሻገሪያ ቀን አለ፤ በዚያን ዕለት አንደኛው ምክር ቤት የራሱን ረቂቆች ጨርሶ ወደ ሌላኛው ማሻገር ይኖርበታል። ያልተሻገረ ረቂቅ ለዚያ ጊዜ አበቃለት። የጸደቁት አብዛኞቹ ሕጎች ከጁላይ 1 ጀምሮ ይጸናሉ።

እንግዲህ ከዚህ ተነሥተን ወደ ኋላ እንቁጠር። ጉባኤው ሲከፈት የሚቀርብ ረቂቅ አስቀድሞ አቅራቢ የሚሆን የምክር ቤት አባል ያስፈልገዋል። አባሉ ረቂቁን ለሕግ አርቃቂዎች የሚሰጥበት ቀን ጉባኤው ከመከፈቱ በፊት ነው። አንድ አባል ሊያቀርብ የሚችለው የረቂቅ ብዛትም በጉባኤው የአሠራር ደንብ የሚገደብበት ጊዜ አለ፤ ስለዚህ አባሉን ማግባባት የሚገባው ሌሎች ጠያቂዎች ኮታውን ሳይጨርሱት ነው። ከተማዋ የትኛውን ጥያቄ ለማን እንደምትሰጥ ለመወሰን የከተማው ምክር ቤት ሰነዱን አስቀድሞ ማጽደቅ አለበት። ከማጽደቁ በፊት የሕዝብ ውይይት ይደረጋል። ከውይይቱ በፊት የከተማው መሥሪያ ቤቶች፣ ቦርዶችና ኮሚሽኖች ሐሳባቸውን ያዋጣሉ። በዚህ ስሌት ስንመለስ በጃንዋሪ የሚከፈተው ጉባኤ ለከተማዋ የሚጀምረው በበጋውና በመከር ወራት ሆኖ እናገኘዋለን።

በሰነዱ ውስጥ የሚገቡት ጉዳዮች በአመዛኙ በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የሥልጣን ጥያቄ ነው፤ «ይህን እንድንሠራ ይፈቀድልን» የሚል። ሁለተኛው የገንዘብ ጥያቄ ነው፤ ለትምህርት ቤት፣ ለሕዝብ ማመላለሻ፣ ለፍሳሽ ማስወገጃ ከግዛቱ በጀት ድርሻ መጠየቅ። ሦስተኛው የአቋም መግለጫ ነው፤ ሌሎች የሚያቀርቧቸውን ረቂቆች መደገፍ ወይም መቃወም። ከዚህ ሦስተኛው ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይታይ፣ ነገር ግን ትልቁን ድካም የሚጠይቅ ሥራ አለ። ይኸውም በእጅ ያለውን ሥልጣን እንዳይወሰድ መጠበቅ ነው። አንድን ከተማ በስም ሳይጠራ ሥልጣኑን የሚቆርጥ ሐረግ በአንድ ረቂቅ አምስተኛ ገጽ ላይ ተሸሽጎ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የከተማዋ ሠራተኞች በጉባኤው ወራት ረቂቆቹን አንድ በአንድ እያነበቡ ይውላሉ።

ይህን ሁሉ በተግባር ለማየት አራት ታሪኮችን ልጥቀስ።

የመጀመሪያው የሐውልቱ ታሪክ ነው። በዋሽንግተንና በፕሪንስ ጎዳናዎች መጋጠሚያ ላይ «አፖማቶክስ» የሚባል የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር። ባዶ እጁን፣ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ የቆመ የኮንፌዴሬሽን ወታደር ምስል ነው፤ የተተከለውም በ1889 ነው። በማግስቱ ዓመት የወጣ የግዛቱ ሕግ ሐውልቱ ከቦታው እንዳይነሣ ጥበቃ አደረገለት። በ2016 የከተማው ምክር ቤት ሐውልቱ እንዲዛወር በሙሉ ድምፅ ወሰነ። ውሳኔው ግን የግዛቱን ፈቃድ ከመጠየቅ ያለፈ ኃይል አልነበረውም። ለተከታታይ ዓመታትም ፈቃዱ አልተገኘም። በ2019 መጨረሻ በተደረገው ምርጫ የሁለቱም ምክር ቤቶች አብላጫ ተለወጠ፤ በ2020 ጉባኤ የአካባቢ አስተዳደሮች በየራሳቸው ስላሉ የጦርነት መታሰቢያዎች እንዲወስኑ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ፤ ሕጉም ከጁላይ 1 ቀን ጀምሮ እንዲጸና ተደነገገ። የሐውልቱ ባለቤት የነበረው ማኅበር ግን ያን ቀን አልጠበቀም፤ ጁን 2 ቀን ራሱ አንሥቶ ወሰደው።

ከዚህ የምማረው ምንድን ነው? በየዓመቱ ተጠይቆ በየዓመቱ የሚከለከል ጥያቄ ከንቱ አይደለም። በሩ ለጥቂት ሳምንታት በተከፈተ ጊዜ ጥያቄው ተጽፎ፣ ተመርምሮ፣ የምክር ቤት ድምፅ ተሰጥቶበት ዝግጁ ሆኖ ይገኛል። በዚያን ጊዜ ማሰብ የሚጀምር ከተማ ግን ይዘገያል።

ሁለተኛው የፕላስቲክ ከረጢት ታሪክ ነው። በጅረቶችና በወንዙ ዳር የሚከማቸውን የፕላስቲክ ቆሻሻ ለመቀነስ በየከረጢቱ አምስት ሳንቲም ማስከፈል ትንሽ ነገር ይመስላል። ሆኖም ይህ ግብር ነው፤ ያለ ጉባኤው ፈቃድ አይጣልም። በዚያው በ2020 የወጣው ሕግ ማንኛውም ካውንቲ ወይም ከተማ በአንድ ከረጢት አምስት ሳንቲም ማስከፈል «ይችላል» አለ። አሌክሳንድሪያም ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ማስከፈል ጀመረች። እዚህ ላይ «ይችላል» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። «አለበት» ቢል ኖሮ ረቂቁ የገጠር አካባቢዎች ተወካዮችን ሁሉ ባላንጣው ያደርግ ነበር። «ይችላል» ያለ ሕግ ግን የማይፈልገውን አያስገድድም። ልምድ ያላቸው ከተሞች ጥያቄያቸውን በዚህ መንገድ ይቀርጹታል። የገንዘቡም አጠቃቀም በሕጉ ተወስኗል፤ ለአካባቢ ጽዳት፣ ስለ ብክለት ለማስተማር፣ ደጋግሞ የሚያገለግል ከረጢት ለችግረኞች ለማደል ይውላል። ከተማዋ ፈቃድ አገኘች ማለት እንደ ልቧ ሆነች ማለት አይደለም፤ ገደብ ያለበት ፈቃድ አገኘች እንጂ።

በዚያ ጉባኤ የወጣ ሌላ ሕግም የአካባቢ አስተዳደሮች ከሠራተኞቻቸው ጋር የኅብረት ድርድር እንዲያደርጉ ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ፈቀደ። አሌክሳንድሪያ በኤፕሪል ወር፣ ሕጉ ሊጸና ቀናት ሲቀሩት፣ የራሷን ደንብ አወጣች። ይህ ፍጥነት ያለ ቅድመ ዝግጅት የሚገኝ አይደለም።

ሦስተኛው ታሪክ በተቃራኒው ነው፤ ከተማዋ ጠያቂ ሳትሆን ተጠያቂ የሆነችበት። በአሮጌው የአሌክሳንድሪያ ክፍል የዝናብ ውኃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቧንቧ ይሄዳሉ። ዝናብ ሲበረታ ቧንቧው ሞልቶ ያልተጣራ ፍሳሽ በአራት ማፍሰሻዎች በኩል ወደ ወንዙና ወደ ገባሮቹ ይወርዳል። ከተማዋ ችግሩን በራሷ የጊዜ ሰሌዳ፣ በዝግታ ለመፍታት አቅዳ ነበር። በ2017 ግን ጠቅላላ ጉባኤው ሥራው እስከ ጁላይ 1 ቀን 2025 እንዲጠናቀቅ የሚያስገድድ ሕግ አወጣ። ወንዙ የአሌክሳንድሪያ ብቻ አይደለም፤ ከታች የሚኖሩ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። እዚህ ላይ ግዛቱ ጣልቃ መግባቱ ትክክል አልነበረም ለማለት እቸገራለሁ። ከዚያ ወዲህ የከተማዋ ጥያቄ መልኩን ቀየረ፤ «ግዴታ ከጣላችሁብን ገንዘቡንም አግዙን» የሚል ሆነ። ተማሪዎቼ ይህን እንዲያስታውሱ እፈልጋለሁ፦ የከተማ ራስን በራስ ማስተዳደር በጎ ነገር ነው፤ ነገር ግን የከተማዋ ፍሳሽ ከከተማዋ ወሰን አልፎ ይሄዳል።

አራተኛው የቅርብ ጊዜ ነው። በዲሴምበር 13 ቀን 2023 የግዛቱ አገረ ገዢ፣ የከተማዋ መሪዎችና የዋሽንግተን የቅርጫት ኳስና የበረዶ ሆኪ ቡድኖች ባለቤት፣ በፖቶማክ ያርድ አካባቢ ታላቅ የስፖርት አዳራሽ ለመሥራት መስማማታቸውን ይፋ አደረጉ። ጉባኤው ሊከፈት አንድ ወር እንኳ አልቀረውም ነበር። ዕቅዱ የግዛቱን ሕግ አውጪ ይሁንታ ይሻ ነበር። የሴኔቱ የፋይናንስ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሉዊዝ ሉካስ ግን ረቂቁ በኮሚቴው አጀንዳ ላይ እንዳይያዝ አደረጉ። ማርች 27 ቀን 2024 ከተማዋ ድርድሩ ማብቃቱን አስታወቀች። አዳራሹ ይጠቅም ነበር ወይስ ይጎዳ ነበር የሚለውን ለሌላ ቀን እተወዋለሁ። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመን ይህ ነው፦ አገረ ገዢ፣ ከንቲባና ባለሀብት በአንድነት የቆሙለት ዕቅድ አንዲት የኮሚቴ ሰብሳቢ ፊት ሲደርስ ቆመ። ነዋሪውም ቢሆን ነገሩን የሰማው ተወስኖ ካለቀ በኋላ የመጣ ያህል ተሰምቶት ነበር፤ ተቃውሞውም በአደባባይ ወጣ። በመከር ወራት ቀስ ብሎ የሚደረገው አሰልቺ ምክክር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የበለጠ አስረጂ አላገኘሁም።

ከእነዚህ ታሪኮች የማወጣው ዋና ሐሳብ አንድ ነው። በከተማና በግዛት መካከል ባለው ግንኙነት ውስጥ ትልቁ ሥልጣን ያለው ዝርዝሩ በሚዘጋጅበት ጊዜና ቦታ ነው። በሪችመንድ አዳራሽ የሚሰማው ክርክር ቀደም ብሎ የተመረጠው ጉዳይ ክርክር ነው። ያልተመረጠው ጉዳይ ተሸንፎ እንኳ አይመዘገብም። ሃያ ጉዳይ አስቀድሞ የሚል ከተማ አንድም አላስቀደመም፤ ሦስት ብቻ ከመረጠ ደግሞ አሥራ ሰባቱን ጥያቄዎች ያነሡ ሰዎችን «ለዘንድሮ አይሆንም» ብሏቸዋል። ስለዚህ የቅደም ተከተሉ ሥራ ከቴክኒክ ሥራ ይልቅ የፍትሕ ሥራ ነው። ማን ቀድሞ ተሰማ? ማን የስብሰባውን ቀን ያውቅ ነበር? ማን ከሥራው ፈቃድ ወስዶ፣ በማይክሮፎን ፊት ቆሞ ጥቂት ደቂቃ ለመናገር ቻለ?

እዚህ ላይ ቃል የገባሁላችሁን የራሴን ታሪክ ልንገራችሁ።

በሰሜን ቨርጂኒያ በምትገኝ አንዲት ከተማ በኖርሁበት ጊዜ፣ በአንድ የአፓርታማ ሕንፃ የሚኖሩ ወገኖቼ የቤት ኪራይ ጭማሪ አስጨንቋቸው ነበር። የታክሲ ነጂዎች፣ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኞች፣ የልጅ ልጅ የሚጠብቁ እናቶች ናቸው። በቨርጂኒያ ከተሞች የኪራይ ጣሪያ የመወሰን ሥልጣን የላቸውም፤ ጉዳዩ የግዛቱ ነው። ወገኖቼ እኔ የተማርሁ ነኝ ብለው ምክር ጠየቁኝ። በኖቬምበር ወር ከተማው ስለ ሕግ ጥያቄዎቹ የሕዝብ አስተያየት እንደሚቀበል የሚገልጽ ማስታወቂያ አይቼ ነበር። «ገና ነው፤ ጉባኤው የሚከፈተው በጃንዋሪ ነው፤ ያን ጊዜ በቀጥታ ለሕግ አውጪዎቹ እንነግራቸዋለን» አልኋቸው። አመኑኝ።

በፌብሩዋሪ አንድ ማለዳ በሁለት መኪና ሆነን ሪችመንድ ወረድን። በመልካም አቀባበል ተቀበሉን። አንድ የሕግ አውጪ ረዳት በትሕትና አዳመጠን፣ ማስታወሻ ያዘ፣ ከዚያም የረቂቅ ማቅረቢያው ጊዜ እንዳለፈ፣ ከተማችንም በዘንድሮው ሰነዷ ይህን ጉዳይ ከቅድሚያ ጥያቄዎቿ መካከል እንዳላስገባችው ነገረን። ይህን ለወገኖቼ ተርጉሜ የነገርኋቸው እኔ ነኝ። ከመካከላቸው አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ «ልጄ፣ እኛ እኮ የደረስነው ዳሱ ሲፈርስ ነው» አሉኝ። አልወቀሱኝም። ወቀሳው ግን ይገባኝ ነበር። የአስተዳደር ትምህርት ያስተምር የነበረ ሰው፣ ስለ ሕግ አውጪው መጽሐፍ የሚያውቅ ሰው፣ ማስታወቂያውን በዓይኑ አይቶ ትርጉሙን ሳያስተውል ቀረ።

በኖቬምበር ብንሄድ ኖሮ ሕጉ ይወጣ ነበር አልልም፤ ሐውልቱ ስንት ዓመት እንደጠበቀ ነግሬአችኋለሁ። ነገር ግን ጥያቄያችን ከዝርዝሩ ላይ ይሰፍር ነበር፤ ወይም ለምን እንዳልሰፈረ የከተማው ምክር ቤት በአደባባይ መልስ ይሰጠን ነበር። በቀጣዩ ዓመት በመከር ተመልሰው ሲናገሩ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ ከጎናቸው ቆምሁ። የተሰጣቸው ጊዜ አጭር ነበር፤ እነዚያ እናት ከተሰጣቸው ሰዓት ግማሹን ብቻ ተጠቅመው፣ የኪራይ ደረሰኛቸውን አሳይተው ተቀመጡ።

ክቡራን፤ ወደ አገራችን የሚያሻግር አንድ ጥያቄ አንሥቼ ልጨርስ። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 መሠረት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች ራሳቸውን በራሳቸው የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላቸው፤ መስተዳድሩም ተጠሪነቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ነው። የከተማው ቻርተር አዋጅ ቁጥር 361/1995፣ በአገራችን አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው፣ የተሰጠው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው። ምክር ቤቱ የሥራ ዘመኑን የሚጀምረው በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሲሆን እስከ ሰኔ 30 ቀን ይቀጥላል። የሁለቱ አገሮች ሥርዓት አንድ አይደለም፤ አንዱን በሌላው መለካትም አልሻም። ጥያቄው ግን ለሁለቱም ይሠራል፦ ከተማው ከበላዩ ካለው ሕግ አውጪ የሚፈልገውን ነገር መቼ፣ በማን ፊት፣ ማንን ሰምቶ ይወስናል? ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ካለ ይህን እንዲወስድ እመክራለሁ። ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ የምክር ቤት ቃለ ጉባኤዎችን አንብቡ፤ የሆነውን ብቻ ሳይሆን ተጠይቆ የቀረውንም መዝግቡ።

ይህን ስታደርጉ አንድ ነገር እንዳትረሱ አደራ እላለሁ። የሰነዱን ቀን የሚያውቅ የተማረ ሰው፣ ለማያውቀው ጎረቤቱ የመናገር ግዴታ አለበት። እኔ ያን ግዴታ አንድ ዓመት ዘግይቼ ተወጣሁት።